ከምንጣፉ ውረዱ

መለማመጃ ቦታ ላይ ኮከብ የሆነ ጎልፍ ተጫዋች በየትም አገር አይጠፋም። ሰው ሠራሽ ሣር በለበሰው ምንጣፍ ላይ ይቆማል፤ ኳስ የሞላ ባልዲውን አጠገቡ ያስቀምጣል፤ ከዚያ ሰባት ቁጥር አይረን በሚባለው ዱላ አንዷን በሌላዋ ላይ ያዘንባል። የመጀመሪያዎቹ አምስት ስድስት ኳሶች ቀኝና ግራ ይበተናሉ። ሃያኛዋ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ሠላሳኛዋማ ታምራለች። ጎን ያለው ሰው የራሱን ልምምድ ትቶ እሱን ማየት ይጀምራል። ባለባልዲው ሐሙስ ማታ ፊቱ በርቶ ቤቱ ይገባል። ቅዳሜ ጠዋት ከጓደኞቹ ጋር እውነተኛው ሜዳ ላይ ሲቆም ግን የመጀመሪያዋ ኳስ ቁጥቋጦ ውስጥ ትገባለች። ሦስተኛው ጉድጓድ ጋ ሲደርስ «የሐሙሱ እጄ ወዴት ሄደ?» ማለት ይጀምራል። ሜዳው ደግሞ አፍ ቢኖረው «ለማያውቅሽ ታጠኚ» ይለው ነበር።

እጁ የትም አልሄደም። ሐሙስ የተለማመደው ኳስ መምታት ነው፤ ቅዳሜ የጠበቀው ጎልፍ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ ሰፊ ነው። ደስ የሚለው ነገር፣ ይህን ልዩነት ለማጥበብ ተሰጥኦም፣ ውድ ዱላም፣ የወጣት ወገብም አያስፈልግም። የልምምዱን ቦታ መቀየር ብቻ ብዙውን ሥራ ይሠራል።

ጎልፍ ነክታችሁ የማታውቁ አንባቢዎቼ፣ ገጹን አትግለጡት። ጨዋታው በአጭሩ እንዲህ ነው፦ ሙሉው ሜዳ 18 ጉድጓድ አለው፤ ከአንዱ መነሻ ተነስታችሁ ትንሿን ኳስ 10.8 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጉድጓድ ውስጥ እስክትከቱ ትመታላችሁ፤ በትንሽ ምት የጨረሰ ያሸንፋል። ከ14 ዱላ በላይ መያዝ አይፈቀድም። በቃ። የቀረው ሁሉ ነፋስ፣ ዳገት፣ አሸዋ፣ ውኃና የራስ ጭንቅላት ነው። እኔን ወደዚህ ጨዋታ የሚስበኝም ይኸው ነው፤ ሰው ምን ያህል ተዘጋጅቶ ምን ያህል እንዳልተዘጋጀ በአንድ ጠዋት ውስጥ ፍንትው አድርጎ ያሳያል።

አሁን ወደ ምንጣፉ ቀረብ ብለን እንየው። ዱላው ኳሷን ከመንካቱ በፊት ሁለት ሦስት ጣት ያህል ወደ ኋላ ቀርቶ ምንጣፉን መታ እንበል። ይህ ስህተት ነው። ግን የምንጣፉ ሥር ጠንካራ ስለሆነ ዱላው ይንሸራተትና ወደ ፊት ነጥሮ ኳሷን ያገኛታል። ኳሷም ደህና ትበራለች። መቺው ምንም አልተሰማውም፤ እንዲያውም ረክቷል። ይህንኑ ምት እውነተኛ ሣር ላይ ድገሙት፦ ዱላው አፈሩ ውስጥ ይሰምጣል፣ የሣር ጉማጅ ይነቀላል፣ ኳሷም ጥቂት እርምጃ ተንከባልላ ትቆማለች። ምንጣፉ ስህተቱን ሸፍኖለት ነበር፤ አፈሩ አይሸፍንም። ለዚህ ነው ምንጣፍ ላይ ብቻ ያደገ ተጫዋች ሜዳ ሲገባ «ዛሬ ምን ነካኝ?» የሚለው። ዛሬ ምንም አልነካውም፤ ሁልጊዜም እንደዚያው ነበር።

ሌላው ደግሞ የመሬቱ ነገር ነው። መለማመጃው እንደ ጠረጴዛ የተስተካከለ ነው። ሜዳው ላይ እግርና ኳስ እኩል ከፍታ ላይ የሚገናኙበት ጊዜ ብርቅ ነው። ቀኝ እጅ ተጫዋች ከሆናችሁ፣ ኳሷ ከእግራችሁ ከፍ ብላ ከተቀመጠች ወደ ግራ ትሄዳለች፤ ዝቅ ካለች ወደ ቀኝ ትሸሻለች። ዳገት ላይ የተመታች ኳስ ወደ ላይ ትወጣና ርቀቷ ያጥራል፤ ቁልቁለት ላይ የተመታችው ዝቅ ብላ ትበርና ስታርፍ ትሮጣለች። ይህን በመጽሐፍ ማንበብ ይቻላል፤ እኔም ይኸው ጻፍኩላችሁ። ግን ጉልበታችሁ ስንት እንደሚታጠፍ፣ ክብደታችሁ የትኛው እግር ላይ እንደሚያርፍ የሚነግራችሁ ዳገቱ ራሱ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ሁለተኛ ዕድል አለመኖሩ ነው። ባልዲው ውስጥ ሁልጊዜ ሌላ ኳስ አለ፤ ያበላሻችሁትን በአሥር ሴኮንድ ውስጥ ታርማላችሁ። ሜዳ ላይ በረጅሙ የመነሻ ዱላ፣ በድራይቨሩ፣ መትታችሁ እንደገና እስክታነሡት ሩብ ሰዓት ያልፋል፤ በመሃሉ በሌላ ዱላ፣ ከሌላ ርቀት፣ ከሌላ ዓይነት ሣር ትመታላችሁ። በ90 ምት አንድ ዙር የሚጨርስ ሰው ዱላ የሚያወዛውዝበት ጊዜ በሙሉ ቢደመር ጥቂት ደቂቃ ነው። ጨዋታው ግን አራት ሰዓት ይፈጃል። ቀሪው መራመድ፣ ማሰብ፣ መምረጥ፣ መጠበቅ፣ ተናዶ መብረድ ነው። ባለባልዲው እነዚያን ጥቂት ደቂቃዎች አጥብቆ ተለማምዷል፤ የአራቱን ሰዓት ነገር ገና አልጀመረውም።

አዲስ አበባ መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። በተተከሉት ዘንጎች መካከል ወደ ኋላ እየነዳ ያለ ምንም ጭረት ፈተናውን ያለፈ ሰው፣ በማግሥቱ በሥራ መውጫ ሰዓት መገናኛ አደባባይ ሲገባ መሪው በእጁ ውስጥ ይላባል።

የእንቅስቃሴ ትምህርትን የሚያጠኑ ሰዎችም ይህን ነገር በተለያየ መንገድ ፈትነውታል። እ.ኤ.አ. በ1978 ከርና ቡዝ የተባሉ ተመራማሪዎች ሕፃናትን ትንሽ ከረጢት ዒላማ ላይ እንዲጥሉ አለማመዱ። አንደኛው ቡድን ሁልጊዜ ከ3 ጫማ ርቀት ብቻ ወረወረ። ሌላኛው አንዴ ከ2፣ አንዴ ከ4 ጫማ እየቀያየረ ወረወረ፤ ከ3 ጫማ አልተለማመደም። በመጨረሻ ሁሉም ከ3 ጫማ ተፈተኑ። የተሻለው ያን ርቀት ያልተለማመደው ቡድን ሆነ። በ1994 ደግሞ የኮሌጅ ቤዝቦል መቺዎች ላይ ተመሳሳይ ሙከራ ተደረገ። አንዱ ቡድን ሦስት የኳስ ዓይነቶችን በየተራ፣ አንዱን ሲጨርስ ሌላውን እየጀመረ ተለማመደ፤ ሌላው ቡድን ቀጥሎ የሚመጣው ምን እንደሆነ ሳያውቅ ተቀላቅሎ መጣለት። ከስድስት ሳምንት በኋላ በየተራ የተለማመዱት 25 በመቶ ገደማ ተሻሻሉ፤ የተቀላቀለባቸው 57 በመቶ ገደማ።

እንዲህ ካሉ ጥናቶች ለእኔ ትልቁ ቁም ነገር ከቁጥሩ ጀርባ ያለው ነው። አንድ ዓይነት ነገር እየደጋገመ የሚለማመድ ሰው በልምምዱ ሰዓት ጎበዝ ይመስላል፤ ራሱም ጎበዝ እንደሆነ ይሰማዋል። እየቀያየረ የሚለማመደው ይሳሳታል፣ ይበሳጫል፣ «አልገባኝም» ይላል፤ የፈተናው ቀን ሲመጣ ግን ደረጃው ይገለበጣል። እንግዲህ ልምምዳችሁ ከመጠን በላይ ደስ እያላችሁ ከሆነ ትንሽ ጠርጥሩት። ሜዳ ላይ ሆናችሁ እየተቸገራችሁ ከሆነ ደግሞ አይዟችሁ፣ እየተማራችሁ ነው።

ከጎልፍ ታላላቆች ለዚህ ነገር እንደ ሴቬ ባልስቴሮስ የሚያምረኝ ምሳሌ የለም። በ1957 በሰሜን ስፔን የባሕር ዳርቻ በምትገኘው ፔድሬኛ መንደር ተወለደ። መንደሩ ውስጥ የሀብታሞች የጎልፍ ክለብ ነበር፤ እሱ ግን እዚያ የሚገባው የሰው ዱላ ተሸካሚ ሆኖ ነበር። በልጅነቱ እጁ የገባው አንድ ሦስት ቁጥር አይረን ነው። በዚያችው አንድ ዱላ ባሕር ዳር አሸዋ ላይ ሲመታ ይውላል፤ ሲመሽ በጨረቃ ብርሃን ተደብቆ ሜዳው ውስጥ ይገባል። ሦስት ቁጥር አይረን ለረጅምና ለዝቅተኛ ምት የተሠራ ዱላ ነው። ልጁ ግን ሌላ ስለሌለው በእሷው ከአሸዋ ማውጣት፣ ከዛፍ በላይ ማንሣት፣ ጉድጓዱ አጠገብ ቀስ አድርጎ ማሳረፍ ነበረበት። የዱላውን ፊት ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ እጁን ዝቅ ያደርጋል፣ ኳሷን ወደ ፊት ወደ ኋላ ያስቀምጣል። አሠልጣኙ አሸዋው፣ ነፋሱና እጥረቱ ነበሩ።

በ1979 እንግሊዝ ውስጥ በሮያል ሊተም ሜዳ የብሪቲሽ ኦፕን የመጨረሻ ቀን፣ 16ኛው ጉድጓድ ላይ፣ የሴቬ ኳስ ከመነሻው ወደ ቀኝ ሄዳ የውድድሩ ጊዜያዊ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ገባች። ሌላ ሰው ቢሆን ዋንጫው እዚያው መኪኖቹ መሃል ይቀር ነበር። እሱ በሕጉ መሠረት ኳሷን ከመኪኖቹ ወጣ አድርጎ ካኖረ በኋላ ሳንድ ዌጅ በሚባለው የአሸዋ ዱላ ጉድጓዱ ያለበት አጭር ሣር ላይ አሳረፋት፤ ከዚያ በአንድ ምት ጉድጓዱ ውስጥ ከተታትና ከፓር፣ ማለትም ለጉድጓዱ ከተመደበው ምት፣ በአንድ አሳንሶ ጨረሰ። ጃክ ኒክላውስንና ቤን ክሬንሾን በሦስት ምት በልጦ አሸነፈ። ከአርኖ ማሲ የ1907 ድል በኋላ ያን ዋንጫ ያነሣ የመጀመሪያው የአህጉር አውሮፓ ሰው ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት በ23 ዓመቱ የማስተርስ ውድድርንም አሸነፈ። መኪና ማቆሚያ ውስጥ የገባች ኳስ ማስወጣትን ማንም ምንጣፍ ላይ አያለማምድም። ፔድሬኛ አሸዋ ላይ ግን እያንዳንዱ ምት መኪና ማቆሚያ ነበር።

የቀድሞዎቹን ብታዩ ብዙዎቹ መነሻቸው ዱላ ተሸካሚነት ነው። ሜዳውን በእግራቸው እየለኩ፣ ጎበዙም ሰነፉም ሲጫወት እያዩ፣ የትኛው ውሳኔ የት እንደሚያደርስ በዓይናቸው ያጠኑ ልጆች ነበሩ። ፍራንሲስ ዊሜት ቤቱ ቦስተን አጠገብ ከብሩክላይን ክለብ ፊት ለፊት ነበር፤ በዚያው ሜዳ ዱላ ተሸክሞ አድጎ በ1913 በዚያው ሜዳ የዩኤስ ኦፕንን አሸነፈ። ዕድሜው 20 ነበር፤ ተወዳዳሪዎቹ ሃሪ ቫርደንና ቴድ ሬይ የዘመኑ ቁንጮዎች ነበሩ፤ ዱላውን የተሸከመለት ኤዲ ሎውሪ ደግሞ የ10 ዓመት ልጅ ነበር። ሜዳውን ከልጅነቱ የሚያውቀው ግን ዊሜት ነበር።

«ታዲያ ቤን ሆጋንስ?» የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው፤ ሆጋን በመለማመጃ ቦታ ትጋቱ ተረት የሆነ ሰው ነው። ዘጠኝ ታላላቅ ዋንጫዎችን ወስዷል፤ በ1949 መኪናው ከአውቶቡስ ጋር ተጋጭቶ ሊሞት ደርሶ ሳለ በ1950 ሜሪየን ላይ ዩኤስ ኦፕንን አሸንፏል። የፊጂው ቪጄይ ሲንግም እንዲሁ በመለማመጃ ላይ ውሎ የሚያድር ነበር። ግን ሆጋንም ቴክሳስ ውስጥ ዱላ ተሸካሚ ሆኖ ነው ያደገው፤ ሜዳውን ጠግቦ ነው ወደ መለማመጃው የሄደው። አዲስ እንቅስቃሴ ስትማሩ፣ አሠልጣኝ አያያዛችሁን ሲቀይር፣ መለማመጃው ተገቢ ቦታ ነው። እኔ የምጣላው ከሱስ ጋር ነው። አሥር ባልዲ ጨርሶ አንድ ዙር የማይጫወት ሰው ልምምዱን መደበቂያ አድርጎታል።

መደበቂያ ያልኩት አውቄ ነው። ሜዳው ነጥብ ይቆጥራል፤ ምንጣፉ አይቆጥርም። ብዙ ጀማሪ «መጀመሪያ በደንብ ልቻል፣ ከዚያ ሜዳ እገባለሁ» ይላል። ውስጡ ያለው ግን እፍረት ነው፤ የመጀመሪያው ጉድጓድ መነሻ ላይ አራት አምስት ሰው ቆሞ እያየው ኳሷን ስቶ አየር ቢመታስ? አንድ ነገር ልንገራችሁ። የቆሙት ሰዎች የሚያስቡት ስለራሳቸው ምት ነው። መጥፎ ምት ማንንም አያናድድም፤ የሚያናድደው መንቀርፈፍ ነው። ስለዚህ ፈጠን በሉ፤ አንድ ጉድጓድ ላይ የተመደበውን ምት እጥፍ ከደረሳችሁ ኳሷን አንሡና ከጓደኞቻችሁ ጋር ወደ ቀጣዩ ሂዱ። ከፊተኛው መነሻ ጀምሩ። አጫጭር ጉድጓዶች ብቻ ያሉት ሜዳ ካለም እዚያ ጀምሩ። ማንም አይቆጣችሁም።

ባለሙያዎቹ ራሳቸው ምን ያህል እንደሚስቱ ማወቅም ያጽናናል። የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ማርክ ብሮዲ የአሜሪካ ባለሙያዎች ውድድር የሆነውን የፒጂኤ ቱር ተጫዋቾች ምቶች አንድ በአንድ መርምሮ በ2014 መጽሐፍ አወጣ። ባለሙያዎች ከ8 ጫማ፣ ማለትም ከሁለት ሜትር ተኩል ከማይሞላ ርቀት፣ የሚያስገቡት ግማሹን ያህል ነው። ግማሹን! ቴሌቪዥን የሚያሳየን የገቡትን ስለሆነ ሁሉም የሚገባ ይመስለናል። እናንተም ስትስቱ ዓለም አልጠፋም ማለት ነው።

ሜዳ ላይ መለማመድ ሲባል ሁልጊዜ ሙሉ ዙር፣ ሁልጊዜ ነጥብ ማለት አይደለም። ማታ አካባቢ፣ ሰው ሲሳሳ፣ ዘጠኝ ጉድጓድ ያዙ። ብዙ የሕዝብ ሜዳዎች በዚያ ሰዓት ዋጋ ይቀንሳሉ። ሦስት ዱላና አንድ ፐተር፣ ኳሷን ወደ ጉድጓዱ የምታንከባልሉበትን ዱላ፣ ብቻ ያዙና ሂዱ፤ ትክክለኛው ዱላ ቦርሳ ውስጥ ሳይኖር ሲቀር እጃችሁ መፍጠር ይጀምራል፣ ልክ እንደ ሴቬ። ሌላ ቀን ሁለት ኳስ ምቱና ሁልጊዜ ከመጥፎዋ ቀጥሉ። ይህ ጨዋታ ጨካኝ ነው፤ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ደህና መምታት ካልቻላችሁ ፓር አታገኙም። ግን አንድ ወር ብትጫወቱት ቅዳሜ ላይ አንድ ኳስ ብቻ መምታት ዕረፍት ይሆንላችኋል። ከኋላችሁ ሰው ካለ ወይም ውድድር ከሆነ ግን ተጨማሪ ኳስ አትምቱ፤ ይህ ባዶ ሜዳ ላይ የሚደረግ ነው።

ከሁሉ የምወደው ደግሞ ነጥቡን ትቶ ውሳኔን መቁጠር ነው። ከእያንዳንዱ ምት በፊት ከኳሷ ጀርባ ቁሙ፤ ኳሷ የት እንድታርፍ እንደፈለጋችሁ ለራሳችሁ በግልጽ ተናገሩ፤ ከዚያ ምቱ። ወረቀቱ ላይ የምት ብዛት መጻፉን ተዉና ወስናችሁ የመታችሁትን በአንድ ምልክት፣ እየተጠራጠራችሁ የመታችሁትን በሌላ ምልክት ያዙ። ዘጠኙን ስትጨርሱ የጠፉት ኳሶች በብዛት ከየትኛው ምልክት ጋር እንደሄዱ ታያላችሁ። ወገባችሁን ስትወቅሱ የኖራችሁ ሰዎች ጥፋቱ የመጠራጠር ሆኖ ስታገኙት ትገረማላችሁ።

የታላቋ ጎልፍ ተጫዋች የአኒካ ሶረንስታም አሠልጣኝ የነበረችው ስዊድናዊቷ ፒያ ኒልሰን ከባልደረባዋ ከሊን ማሪዮት ጋር ሥልጠናውን ከምንጣፉ አውጥታ ሜዳው ላይ በማድረግ ትታወቃለች። ኒልሰን ለስዊድን ተጫዋቾች የሰጠችው ሕልም 54 የሚል ቁጥር ነበር፤ በ72 ፓር ሜዳ ላይ 18ቱንም ጉድጓድ ከፓር በአንድ ምት አሳንሶ መጨረስ። አኒካ በ2001 ፊኒክስ ላይ 59 መታች፤ በኤልፒጂኤ፣ በሴት ባለሙያዎች ውድድር፣ ያን ቁጥር የነካች የመጀመሪያዋ ሴት ናት።

ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ ያላችሁ ወገኖቼ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምርላችሁ። በአናኮስቲያ ወንዝ ዳር ያለው ላንግስተን የጎልፍ ሜዳ በ1939 የተከፈተው ጥቁር ተጫዋቾች ብዙዎቹ ሜዳዎች ተዘግተውባቸው፣ የእኛም ሜዳ ይኑር ብለው ታግለው ነው። በ1937 የተመሠረተው ዌክ ሮቢን የጥቁር ሴቶች የጎልፍ ክለብ ከታጋዮቹ አንዱ ነበር። እነዚያ ሰዎች የጠየቁት መለማመጃ ምንጣፍ አይደለም፤ ሜዳ ነው። ያን በር ሌሎች ከፍተውልን እያለ እኛ በእፍረት ምክንያት ደጅ ላይ ብንቀር አያምርም። ጎልፍ የሌላ ሰው ጨዋታ ነው የሚለውን ሐሳብም እዚያው ወንዝ ዳር ጥላችሁ ግቡ።

ሜዳ ለመግባት ጊዜና ገንዘብ የሚያጥርበት ሳምንት እንደሚኖር አውቃለሁ። ያን ጊዜ መለማመጃውን ራሱን ሜዳ አድርጉት። የምታውቁትን ሜዳ በሐሳባችሁ ያዙ፤ የመጀመሪያውን ጉድጓድ በድራይቨር ጀምሩ፤ ኳሷ የት እንዳረፈች ገምታችሁ ቀጣዩን በሚገባው አይረን ምቱ፤ ካጠረባችሁ በአጭር ርቀት ዱላው፣ በዌጅ። በአንድ ዱላ በተከታታይ ሁለት ጊዜ አትምቱ። በየምቱ መካከል ከምንጣፉ ውረዱና ትንሽ ተራመዱ። ባልዲው ከወትሮው በሦስት እጥፍ ይዘገያል፤ ጎረቤታችሁም ከእናንተ ይልቅ ጎበዝ ይመስላል። ይምሰል።

በዚህ ሳምንት የባልዲውን ገንዘብ ለዘጠኝ ጉድጓድ አውሉት። ዛሬውኑ አቅራቢያችሁ ላለው የሕዝብ ሜዳ ደውሉና የማታ ሰዓት ያዙ፤ ሦስት ዱላና አንድ ፐተር፣ ጥቂት ትርፍ ኳስ፣ እርሳስና ወረቀት ይበቃችኋል። ብቻችሁን ከፈራችሁ ከእናንተ የባሰ የሚፈራ ጓደኛ ይዛችሁ ሂዱ።